የቁም ሥራ

ኤቢሴ ገና ሳትቀጠር ከሥራዋ የተባረረችው ሐሙስ ጠዋት፣ ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ሻሿን ከራሷ ሳትፈታ ነው። ያባረራት ደግሞ የገዛ ወንድሟ ጀቤሳ ነበር። የእሷን መኝታ ከእነሱ መኝታ የሚለየው ችፑድ ነው፤ ችፑድ ማለት ብርድ ከልክሎ ወሬ የሚያሳልፍ፣ ለሐሜት ተብሎ የተፈለሰፈ እንጨት ነው። ስለዚህ ጀቤሳ ክራባቱን እያሰረ ለሚስቱ ለቤዚ የሚነግራት ሁሉ፣ ሳይጎድል፣ ከነሳሉ ኤቢሴ ጆሮ ይገባ ነበር።

«ማታ አቶ አስፋው ሲመጡ ስለ እህቴ ከጠየቁሽ ካሸር ናት በያቸው» አለ።

«ገና ዛሬ ለሙከራ መሄዷ ነው እኮ። ደግሞ ባንኮኒ ውስጥ መጠጥ ለመቅዳት አይደል የጠሯት?»

«ባንኮኒ የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ካሸር።»

«ካሸሯም እኮ እዚያው ቡና ቤት ውስጥ ናት፣ ጀቤ።»

«ተቀምጣ ነዋ! ተቀምጦ የሚሠራና ቆሞ ለሰካራም የሚቀዳ እኩል ነው?»

 ቤዚ የቁም ሳጥኑን በር ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ጀቤሳ የሰውን ልጅ የሚከፍለው በዘር አይደለም፣ በሃይማኖት አይደለም፣ በሀብትም አይደለም፤ በመቀመጥና በመቆም ነው። እሱ ባንክ ውስጥ የሚሠራ የተቀመጠ ሰው ነው። የሚሽከረከር ወንበር የተሰጠው ዕለት ወንበሩን ፎቶ አንስቶ፣ ያኔ ባቱ ዓሣ ቤት ሳህን ታጥብ ለነበረችው ለኤቢሴ በስልክ ልኮላት ነበር፤ እሱ ራሱ ፎቶው ውስጥ የለም፣ ወንበሩ ብቻ። አቶ አስፋው የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። የእሳቸው ወንበር ከመሽከርከርም አልፎ ወደ ኋላ ይንጋለላል ይባላል፤ ጀቤሳም ማታ እራት የጠራቸው አንድ ቀን እንደሳቸው ለመንጋለል አስቦ ነው። ለዚህ ግብዣ ሲባል ቤዚ ከሰኞ ጀምሮ የቡፌውን ብርጭቆ እያወጣች ታጥባለች። ሶፋው አዲስ ልብስ ለብሷል፤ የሚያብረቀርቅ፣ የተቀመጠበትን ሰው ቂጥ እንደ ሙጫ የሚይዝ ጨርቅ። ሥጋው ደግሞ ቤዚ ለጎረቤት ዋጋውን በተናገረች ቁጥር ትንሽ እየጨመረችበት፣ ዛሬ ላይ አንዱ ኪሎ የበሬውን ዋጋ አልፏል። ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ያልተሰናዱ ሁለት ዕቃዎች ብቻ ቀርተው ነበር፤ እህትየዋና እናትየዋ።

እናትየዋ ዲንቄ ግቢው ውስጥ ከሮቶው ሥር ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ የኖረች ሴት ናት። ቡልቡላ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ሹፌር የጭነት መኪናውን አቁሞ፣ ነጋዴ ኮረጆውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ የሚገባበት አረቄ ቤት ነበራት፤ ጀቤሳን እስከ ኮሌጅ ያስተማረችው በመለኪያ እየቀዳች ነው። ጀቤሳ አዳማ ካመጣት ወዲህ ግን ታሪኳ ተስተካክሏል። ለሰፈሩ ሰው «እናቴ የእህል ነጋዴ ነበረች» ይላል። ውሸት እንኳ አይደለም፣ ብቅልም እህል ነው። ዲንቄ ይህን ስትሰማ አልተቃወመችም፤ ዝም አለች። ዝምታዋም ቤቱ ውስጥ እንደ አንድ ትልቅ ሣጥን ቦታ ይዞ ተቀመጠ፤ ሰው ሁሉ ዙሪያውን እየዞረ ያልፈዋል እንጂ የሚያነሳው የለም።

ኤቢሴ ተጣጥባ፣ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ብቅ ስትል እናቷ «እጅሽን አምጪ» አለቻት።

ከመቀነቷ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አወጣች። የልጇን ጥፍር አንድ በአንድ፣ ሥጋው ድረስ፣ ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቁር ነገር በምላጩ ጫፍ እየጠረገች ከረከመችው። «አዮ፣ ይረፍድብኛል» አለች ኤቢሴ። እናቷን እንደ ቡልቡላ ልጅ «አዮ» ነው የምትላት።

«ከብርጭቆው በፊት የሚታየው እጅ ነው» አለች ዲንቄ። በዚያ ሳምንት ካደረገቻቸው ንግግሮች ረጅሙ ይኸው ነበር። ጀቤሳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም አለ። ምላጩን አየ፣ የእህቱን እጅ አየ፣ የገዛ ጥፍሩን ሳያስበው በአውራ ጣቱ ዳበሰ። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ «እንግዲህ ቻው» ብቻ ብሎ ወጣ። ኤቢሴም ችፑዱ የነገራትን ዋጥ አድርጋ ወጣች። ውስጧ ግን አንድ ነገር ተተክሎ ነበር፤ ማንም ሰው፣ ወንድምም ይሁን ባንክ፣ ያልመረጠችው ወንበር ላይ አያስቀምጣትም።

የአዳማ ነፋስ ያን ጠዋት ሥራ የገባው ከሰው ቀድሞ ነው። ይህ ነፋስ አንድ ጊዜ የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ከገመድ ላይ አንስቶ ወንጂ ሸንኮራ አገዳው መሀል አሳርፎት፣ ቬሎውን ያገኘው አገዳ ቆራጭ በዚያው ሚስት አግብቶበታል እየተባለ የሚወራለት ነፋስ ነው። ኤቢሴ የተሳፈረችበትን ባጃጅ ሸራ እያርገበገበ፣ አቧራውን እስከ ጥርሷ አድርሶ፣ ዘጠኝ ዋርካ ሆቴል በር ላይ አራገፋት። ዘጠኝ ዋርካ ሆቴል አንድም ዋርካ የለውም። ዋርካዎቹ ለመኪና ማቆሚያ ተቆርጠው ስማቸው ብቻ ቀርቷል፤ ወፎቹ ግን ነገሩን ስላልሰሙ እስከ ዛሬ በየማታው እየመጡ የቆመ መኪና ላይ ያድራሉ።

ወደዚህ ቤት የገባችው በጉማሬ ነው። ባለፈው ሳምንት የባርማን ቦታ ክፍት መሆኑን ሰምታ ሥራ አስኪያጁን አቶ ሰብስቤን ልታነጋግር ስትመጣ፣ «ልምድ አለሽ?» አሏት። ዓሣ ቤት ሳህን ከማጠብና በባዶ የጂን ጠርሙስ ውሃ እየቀዳች መኝታ ቤቷ ውስጥ ከመለማመድ በቀር ልምድ አልነበራትም። ስለዚህ እውነት ስትጠፋ አጠገቧ የሚገኘውን አነሳች። «ባቱ፣ ሐይቁ ዳር ድራፍት እቀዳ ነበር» አለች። «ማታ ማታ አንድ ጉማሬ እየወጣ ይመጣል። ካልቀዳንለት ጀልባ ይገለብጣል። ብንቀዳለትም አረፋ ከበዛበት ይመልሰዋል።» ሰብስቤ መነጽራቸውን አውልቀው አይዋት። «ሂሳቡን ማን ይከፍላል?» ሲሉ ጠየቁ። «ዓሣ አጥማጆቹ፤ ለገዛ ሰላማቸው ሲሉ።» ሰብስቤ የሳቁት ሳቅ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። «ሠላሳ ሰው አነጋግሬ ሁሉም በደረቁ ነው የዋሸኝ» አሏት። «ባንኮኒ ውስጥ የሚቆም ሰው ቢዋሽም ሰው እያሳቀ መሆን አለበት። ሐሙስ ነይ።»

ሐሙስ የተረከባት መሳይ የሚባል ወጣት ባርማን ነው። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ አንገቱ ላይ ቢራቢሮ ክራባት ያሰረ፣ ጠርሙስ ወደ ላይ ወርውሮ ከጀርባው የሚቀልብ ልጅ ነው፤ ለነገሩ ከቀለባቸው ያልቀለባቸው ስለሚበዙ ባንኮኒው ውስጥ ያለ ጫማ መግባት ክልክል ነው። መሳይ ክፉ አልነበረም። ቦታዋን ግን አጥብቦ ሰጣት፤ በማጠቢያውና በፍሪጁ መካከል፣ ድመት ዞር ብላ ለመተኛት የምታስብበት ያህል። እዚያ ሆና ሥራው እንዴት እንደሚጀመር አየች። ሥራው የሚጀመረው በብርጭቆ ነው። ብርጭቆ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ተደፍቶ ይንጠፈጠፋል፣ በደረቅ ፎጣ ይወለወላል፣ ወደ መብራት ተይዞ ይታያል፤ የጣት አሻራ ከታየ ከሀ ይጀመራል። ድራፍት ሲቀዳ ብርጭቆው ዘንበል ይላል፣ መጨረሻ ላይ ቀና ይላል፤ ቀና ማለት ያለበትን ሰዓት ያልያዘ ሰው ለደንበኛ የሚያቀርበው አረፋ ብቻ ነው። ቢራ ደንበኛው ዓይን ሥር ካልተከፈተ አይከፈትም። «ደንበኛ ሲያወራ ብርጭቆ ትወለውያለሽ» አላት መሳይ። «ዝም ሲልስ?» «ሌላ ብርጭቆ።»

ከሁሉም በላይ ግን ያሳያት ከፍሪጁ በላይ የተለጠፈውን ወረቀትና ከወረቀቱ በላይ የተሰካውን ካሜራ ነው። ወረቀቱ «ሠራተኛ በሥራ ሰዓት መጠጥ ቢቀምስ ወዲያውኑ ይሰናበታል» ይላል። ከእሷ በፊት የነበረው ባርማን የቤቱን ውስኪ እየጠጣ ጠርሙሱን በቀዝቃዛ ሻይ ሲሞላ ከርሞ፣ የተያዘው አንድ ደንበኛ «ውስኪያችሁ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» ብሎ ስላመሰገነ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ የሚኖሩት የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ሶፊ ካሜራ አስገጥመው፣ ባንኮኒውን ከሶፋቸው ላይ ሆነው በስልካቸው እንደ ተከታታይ ድራማ ይከታተሉታል። «ዓይናቸው ካንቺ አይነቀልም» አለ መሳይ፤ ለካሜራውም ፈገግ አለለት።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ባርማን ለመሆን ከባዱ ነገር መቅዳቱ ሳይሆን መታየቱ እንደሆነ ገባት። የመጣው ሁሉ ፊት ለፊቷ ቆሞ ባርማኑን ይፈልጋል። «ባርማኑ የለም እንዴ?» «አለሁ።» «አይ፣ ባርማኑ።» «ነኝ ብያለሁ እኮ፣ ወንድሜ። ጢም ላብቅል እንዴ?» አንዱ የሲሚንቶ ነጋዴ ሁለተኛውን ድራፍት ሲያጋምስ ወንበር ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ «ምን እዚያ ያቆምሻል? ወጣ ብለሽ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ» አላት። ኤቢሴ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ወንድሜም ጠዋት እንደዚሁ ቁጭ በይ ሲል ነበር» አለችው። «ሁለታችሁን ላስተዋውቃችሁና አንድ ላይ ቁጭ በሉ።» በቦታው የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ነጋዴውም መሳቅ እንዳለበት ከተረዳ በኋላ ሳቀ። መሳይ እንኳ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው።

ኦቦ ጉቱ የመጡት ፀሐይ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ስትዞር ነው። የአቦምሳ ሰው ናቸው፤ ጤፍና ቦሎቄ ይዘው አዳማ በወረዱ ቁጥር ባንኮኒው ጥግ ያለው ረጅም ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው፣ አንድ ኡዞ በበረዶ ጠጥተው የሚሄዱ ዝምተኛ ሽማግሌ። መሳይ «ቀጂላቸው፣ እሳቸው እንኳ አያስቸግሩም» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ኤቢሴ በአፋን ኦሮሞ ደህንነታቸውን ጠየቀች። ሽማግሌው ቀና ብለው ከየት እንደሆነች ጠየቋት። «ቡልቡላ» አለች። «ሂም» አሉ። ከመደርደሪያው ያልተነካ የኡዞ ጠርሙስ አወረደች። ዓይናቸው ሥር ከፈተችው። በረዶ ጨመረች። ከዚያም ጠርሙሱን ዘንበል አድርጋ፣ ጠብታውን ብርጭቆው ላይ ሳይሆን ግራ መዳፏ ላይ አሳረፈች፤ መዳፏን ወደ አፏ ወስዳ ቀመሰች፤ ከዚያ ቀዳችላቸው፤ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ዘረጋችላቸው።

ያደረገችውን ያወቀችው አድርጋ ከጨረሰች በኋላ ነው። እጇ ራሱ ነው ያደረገው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያደረገው እጅ። እናቷ ቤት የሚቀዳ ሰው ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም ነበር። መርዝ የለበትም፣ ክፋት የለበትም፣ ላንተ ያቀረብኩትን መጀመሪያ እኔ ቀምሼዋለሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ፣ ይላሉ የቡልቡላ ሰዎች፣ ዲንቄ እሳት ሊጠፋ ነው ብላ እየሮጠች ሳትቀምስ ለአንድ ሹፌር ቀድታለት፣ ሰውየው መለኪያውን እያየ ሳይጠጣና ሳይናገር እስከ ማግስቱ ተቀምጧል፤ የጫነው ቲማቲም ደጅ ላይ በስሎ፣ ፈንድቶ፣ ዘሩ አስፋልቱ ዳር በቅሎ ነበር። ኦቦ ጉቱ ግን አላስቸገሩም። ኮፍያቸውን አወለቁ። መሳይ በዚያ ቤት ሲሠራ የሽማግሌውን ራስ ያየው ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ከጓዳ ሲወጣ አየውና ከጭንቅላታቸው ይልቅ የኤቢሴን እርጥብ መዳፍ አይቶ «ቀመስሽ? ኧረ በማርያም! ካሜራው!» ብሎ ጮኸ።

አቶ ሰብስቤ ስልካቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱ። ከስልኩ ውስጥ የእትዬ ሶፊ ድምፅ እንደ ንብ ይጮሃል። ሰብስቤ ወረቀቱን አዩ፣ ኤቢሴን አዩ፣ ወደ ጎን ወስደው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ። እንዲያውም ጥሩ ሆነ። ካሸራችን በወር መጨረሻ ትሄዳለች። አንቺን እዚያ እናስቀምጥሻለን። ደሞዙ ከዚህ ይሻላል፣ ወንበር አለው፣ ማራገቢያ አለው። ባንኮኒውን እርሺው፤ ይኼን ጉዳይም እንረሳዋለን።»

«ካሸር?»

«ወንድምሽም እኮ እንደዚያ ይሻላል ብሎ ነው ትናንት የደወለልኝ።» ሰብስቤ መናገር የሌለባቸውን መናገራቸው ገብቷቸው ምላሳቸውን ነከሱ። የሆቴሉ ገንዘብ ጀቤሳ ባንክ እንደሚገባ ኤቢሴ ያወቀችው ያኔ ነው። ችፑዱ የነገራት ምኞት መስሏት ነበር፤ ለካ ያለቀ ጉዳይ ነበር። ወንበሩ ከትናንት ጀምሮ ተጠርጎ ይጠብቃታል። ለአፍታ ያህል ወንበሩ አሳሳታት፤ ጠዋት ጥፍሯ ሥጋው ድረስ ተከርክሞ፣ ውሃ ሲነካው ሲያቃጥላት የዋለ ሰው ናት። ከዚያ መዳፏን አየችው። የኡዞው ሽታ ገና አለቀቀውም።

ወደ ባንኮኒው ተመልሳ ገባች፤ በማጠቢያውና በፍሪጁ መካከል ወዳለችው የድመት ቦታ። «ጋሽ ሰብስቤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነኝ?» አለች፤ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

«ገና ነሽ። ለሙከራ ነው የመጣሽው።»

«ወረቀቱ ደግሞ ሠራተኛ ይላል። ሠራተኛ ካልሆንኩ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ይጠጣል። የአንድ ጠብታ ሂሳብ ስንት እንደሆነ አስልተው ይንገሩኝና ልክፈል። የለም፣ ሠራተኛ ነሽ፣ ደንቡ ይመለከትሻል ካሉ ደግሞ፣ ቀጥረውኛል ማለት ነው። የት ቀጠሩኝ? ደንብ ያፈረስኩት ካሸር ወንበር ላይ አይደለም፤ እዚህ ነው። ካሸር ሆና ኡዞ የምትቀዳ ሴት የት አለች? አንዱን ይምረጡ፤ እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ።»

 መሳይ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነገሩን በልቡ ሲያሰላ ቆየና «እውነቷን ነው እንዴ?» ብሎ ለራሱ አንሾካሾከ። ኦቦ ጉቱ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ «እናንተ እስክትስማሙ በረዶዬ ሊያልቅ ነው» አሉ። «ልጠጣ ወይስ ኤግዚቢት ነው?»

 ከዚያ ሰብስቤ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት፤ የእትዬ ሶፊ ድምፅ ባንኮኒው ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። «ይቺ ናት ባለ ጉማሬዋ?»

«እሷው ናት፣ እትዬ።»

«ስሚ አንቺ! የበፊቱን ባርማን ያስባረረው አፉ እንጂ መዳፉ አልነበረም። በመዳፍ፣ ለሽማግሌ፣ አንድ ጠብታ። ከዚያ ካለፍሽ በዓይኔ ነው የማይሽ።»

«ካሜራውን ትንሽ ወደ ግራ ቢያዞሩት ደግሞ ፊቴም ይታይዎታል» አለች ኤቢሴ። ሰብስቤ ደሞዙ ከካሸሩ እንደሚያንስ፣ ፈረቃው እንደሚከብድ፣ የሚሰበር ብርጭቆ ከሷ እንደሚቆረጥ አንድ በአንድ አስረዷት፤ ልብ ያላት ሴት ከሆነች እንድታስብበትም ጨመሩ። እሷ ግን ፎጣውን አንስታ ብርጭቆ ትወለውል ነበር። መሳይ ጠርሙሶቹን ወደ ራሱ ሰብሰብ አድርጎ፣ ክንዷን የምትዘረጋበት ያህል ቦታ ለቀቀላት። ኦቦ ጉቱ ጠጥተው ሲጨርሱ «ገላቶሚ፣ ኢንተሎ» ብለው አመስግነዋት፣ ኮፍያቸውን ያጠለቁት ከበሩ ውጭ ነው።

ቤት ስትደርስ የአቶ አስፋው መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ ገና አልጨለመም፤ ወፍ ዙሪያውን ትዞረው ነበር። ጀቤሳ በር ላይ ጠበቃት። «ሰብስቤ ነገረህ?» አለችው። «ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ አልደወለም። ግን ይኼው፣ ሁሉንም ተነጋግረናል። ግቢ፣ ሰላም በያቸው» አለና ሸሚዟ ላይ ያለውን የሎሚ እርጥበት አይቶ ነጠላ ሊያስለብሳት ቤዚን ጠራ። ቤዚ ነጠላ ይዛ ወጣች፣ የኤቢሴን ፊት አየች፣ ነጠላውን መልሳ ክንዷ ላይ አጠፈችው። ሳሎኑ ውስጥ አቶ አስፋው የሶፋው መሀል ላይ፣ ጨርቁ ይዟቸው፣ መንጋለል እንደለመደ ሰው ሊንጋለሉ ሲሞክሩ እየተንሸራተቱ ተቀምጠዋል። ያመጡት ውስኪ ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዲንቄ ከበሩ አጠገብ ዝቅተኛ ወንበር ላይ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሰዋት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች። የሥጋው ዋጋ ቀድሞ ሳይነሳ አልቀረም።

«እህቴ ኤቢሴ ናት» አለ ጀቤሳ፣ ሶፋው ላይ መልሶ እየተቀመጠ። «ዘጠኝ ዋርካ ሆቴል ካሸር ሆና ጀምራለች።»

«ጎበዝ! የኛው ደንበኞች ናቸው» አሉ አቶ አስፋው።

«ካሸር አይደለሁም፣ ጋሼ» አለች ኤቢሴ። «ባንኮኒ ውስጥ ነኝ። መጠጥ እቀዳለሁ። ቆሜ።»

 ጀቤሳ ማንም ባልቀለደበት ሳቀ። «ትቀልዳለች፤ ቀልድ ትወዳለች፣ ከልጅነቷ…» ሲል፣ ኤቢሴ ካርቶኑን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣች። ከቡፌው ቤዚ ስታጥበው የሰነበተችውን ብርጭቆ አንስታ ወደ መብራቱ አየችው፤ አሻራ የለውም፤ ለቤዚ ራሷን በምስጋና ነቀነቀችላት። ጠርሙሱን እንግዳው ዓይን ሥር ከፈተች። ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ቀዳች፤ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ዘረጋች። አቶ አስፋው ከሶፋው ብድግ ለማለት ሲታገሉ ቆይተው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «አባቴ እንዲህ ካልተደረገለት አይጠጣም ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ ለማን እንደተናገሩት ግን አልታወቀም።

ጀቤሳ ወለሉን ያያል። ያን ምልክት ከእናቱና ከእህቱ በቀር ከሱ በላይ የሚያውቀው ሰው ሳሎኑ ውስጥ አልነበረም፤ ቡልቡላ የቤት ሥራውን የሠራው በዚያ መዳፍ ሥር፣ በሰካራም ወሬ መሀል ነው። ከበሩ አጠገብ ዝቅተኛው ወንበር ሲንቋቋ ሁሉም ዞሩ። ዲንቄ እጇን ዘርግታለች። መዳፏ የተሰነጠቀ፣ ጥፍሯ ሥጋው ድረስ የተከረከመ። ኤቢሴ ሄዳ ጠብ አደረገችላት። አሮጊቷ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች። ሳሎኑ ሙሉ ፍርድ ይጠብቃል።

«ይቺ ጠብታማ እጄን ብቻ ነው ያጠበችው» አለች ዲንቄ። «ብርጭቆ አምጪልኝ። የአረቄ ነጋዴ ነበርኩ እኔ፤ በጠብታ አልሸነገልም።» ከዚያ ወደ ሶፋው ዞረች። «ለወንድምሽም ቅጂለት። እሱ ግን ተነስቶ ይቀበል።»

ጀቤሳ እናቱን አየ፣ አለቃውን አየ፣ እህቱ የዘረጋችውን ብርጭቆ አየ። ተነሳ። አዲሱ የሶፋ ልብስም ሱሪው ላይ ተጣብቆ አብሮት ተነሳ።